ገባር የሌለው ጦር ሰፈር፤ ስለ «ኤሊት ዴንጀረስ» የጠፈር ጨዋታ የቀረበ ሂስ

በተማሪዎች የምርምር መጽሔት ላይ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ቀልድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ጨዋታም እንደ ልብ ወለድና እንደ ቴያትር ሁሉ ስለ ሰው አኗኗር አንድ ነገር ይናገራል፤ የሚናገርም ከሆነ በሚናገረው ነገር እውነተኛነት ሊመዘን ይገባዋል ብለን እናምናለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ጨዋታውን በሙሉ አይደለም። ከውስጡ አንዱን ክፍል ብቻ፣ ማለት በባዕድ ፕላኔት ምድር ላይ የተሠራውን ጦር ሰፈር እንመለከታለን። መመዘኛ የምናደርገውም የአገራችንን የጦር ሰፈር ታሪክ፣ ይልቁንም የበጌምድርን፣ በበጌምድርም ውስጥ የእስቴንና የጋይንትን አካባቢ ነው። ምክንያቱም ስለ ጦር ሰፈር የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ነገሩን በከዋክብት መካከል ቢያደርገውም እንኳ፣ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይኸውም ሰፈሩን የሚያበላው ማን ነው የሚለው ነው።

ሀ. ጨዋታውና ጦር ሰፈሩ

«ኤሊት» የተባለው የመጀመሪያው ጨዋታ ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል በተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። የእርሱ ተከታይ የሆነውን «ኤሊት ዴንጀረስ»ን ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ለሕዝብ አቀረበ። የጨዋታው መድረክ ፍኖተ ሐሊብ በሙሉ ነው። ወደ 400 ቢሊዮን የሚጠጉ የኮከብ ሥርዓቶች በእውነተኛ ርቀታቸው ልክ ተዘርግተዋል፤ ዘመኑም ከእኛው 1286 ዓመት ወደ ፊት ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. «ሆራይዘንስ» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ አየር በሌላቸው ፕላኔቶች ላይ ማረፍ ተቻለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ «ኦዲሲ» የተባለው ክፍል ተጫዋቹን ከመርከቡ አውርዶ በእግሩ እንዲሄድ አደረገው።

በ«ኦዲሲ» የምድር ሰፈሮች በየሥራቸው ተለይተዋል። የእርሻ፣ የማዕድን፣ የኢንዱስትሪ፣ የምርምር፣ የቱሪዝምና የጦር ሰፈሮች አሉ። ወደ ጦር ሰፈሩ የሚገባ ተጫዋች በመጀመሪያ የሚያገኘው ዘበኛን ነው። ዘበኛው ያስቆመውና ማንነቱን በመሣሪያ ይመረምራል። በሮቹም በፈቃድ ደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ አንዱን በር የሚከፍት ፈቃድ ሌላውን አይከፍትም። መኖሪያው፣ የትእዛዝ ቤቱና የኃይል ማመንጫው እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታ አላቸው።

ለሠሪዎቹ ምስጋና የሚገባበትን ነገር አስቀድመን መናገር ይገባናል። የሰፈሩ ልብ የኃይል ማመንጫው ነው። በውስጡ ያለው ተቈጣጣሪ መሣሪያ ከተነቀለ መብራቱ በሙሉ ይጠፋል፤ በየቤቱ የሚተነፈሰው አየርም ይቋረጣል። ተጫዋቹም ራሱ የለበሰው ልብስ በባትሪ የሚሠራ ስለ ሆነ ባትሪው ካለቀ ይሞታል፤ ስለዚህ ዘወትር ኃይል የሚሞላበትን ቦታ ይፈልጋል። እንግዲህ ጨዋታው ጥገኝነት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። አንድ ሰፈር በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር፣ ያ ነገር ሲወሰድም እንደሚወድቅ በግልጽ ያሳያል። ይህ በእውነቱ ጥሩ ሥራ ነው። የምንነቅፈውም ይህን ያህል ካወቀ በኋላ ትልቁን ጥገኝነት ስለ ተወው ነው።

ለ. ከተማና ሰፈር ስለሚሉት ቃላት

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ጦር ሰፈር ስንናገር ቃል መበደር አያስፈልገንም። እንዲያውም ለሰላማዊ ኑሮ የምንጠቀምባቸው ሁለት ተራ ቃላት ከጦር የመጡ ናቸው። ከተማ የሚለው ቃል በቀድሞ ዜና መዋዕሎች ውስጥ የንጉሡን ወይም የጦር አለቃውን የሰፈራ ቦታ ያመለክት ነበር። ሰፈር የሚለውም ሠራዊቱ ድንኳኑን የተከለበት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነጭፍራቸው በየኮረብታው ስለ ሰፈሩ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ደጃች ውቤ ሰፈር እያልን በሹማምንቱ ስም እንጠራለን።

የማዕርግ ስሞቻችንም እንዲሁ የሰፈሩን ካርታ ተሸክመዋል። ፊታውራሪ በፊት የሚሄደውና የሚሰፍረው፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ፣ ደጃዝማች በደጁ በኩል ያለው ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ሲጽፍ፣ በሄዱበት ሁሉ ሥርዓቱ እንደማይለወጥ፣ የንጉሡ ድንኳኖች፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ማዕድ ቤቱና ገበያው እያንዳንዳቸው የታወቀ ቦታ እንዳላቸው አስረድቷል። በዚህ በኩል የጨዋታው ጦር ሰፈርና የልብነ ድንግል ሰፈር ተመሳሳይ ናቸው። ሁለቱም ሥርዓትን በቦታ ይጽፋሉ።

በእስቴ ያለችው የመካነ ኢየሱስ ከተማ ስሟ የቤተ ክርስቲያን ስም ነው፤ ከጦር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቢሆንም ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ገበሬ ከተማ ገባሁ ሲል ሳያውቀው የሠራዊት ቃል ይናገራል። ቃሉ በዘመን ብዛት ከሰይፍ ወደ ገበያ ተዛውሯል። ይህ መዛወር ግን በከንቱ የሆነ አይደለም። ከተማ ካለ ገበያ አለ፤ ገበያ ካለ እህል አለ፤ እህል ካለ የዘራው ሰው አለ። አልቫሬዝ ያየው ሰፈር ገበያውን ይዞ ይጓዝ የነበረው ስለዚህ ነው።

ሐ. ሰፈሩ የሚበላው

ስለ ጦር ሰፈር ያሉንን ሌሎች ቃላት ብንሰበስብ አብዛኞቹ ስለ መብል የሚናገሩ ሆነው እናገኛቸዋለን። ስንቅ ዘማቹ ከቤቱ ይዞት የሚወጣው ነው። ድርጎ አገሬው ለንጉሥ እንግዳ ወይም ለሠራዊት የሚያቀርበው ቀለብ ነው። ተሰሪ በገበሬው ቤት ተመርቶ ገበሬው የሚቀልበው ወታደር ነው። ጓዝ ዕቃው፣ ጓዘኛውም ከዕቃው ጋር የሚጓዘው ሕዝብ ነው። ከሠራዊቱም ጋር ዱቄት የሚፈጩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ የጠጅ ጋን የሚሸከሙ ሴቶች ይሄዱ ነበር። ያለ እነርሱ አንድም ዘመቻ ከሳምንት በላይ ሊዘልቅ ባልቻለም ነበር።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡበት ጊዜ ጨዋ የተባሉ የሠራዊት ክፍሎችን በየአውራጃው ሲያሰፍሩ፣ ያ አውራጃ ቀላቢ ሆነ ማለት ነው። በዐፄ ምኒልክም ዘመን በደቡብ አገሮች የተቈረቈሩት ከተሞች ይህንኑ ሥርዓት ይበልጥ አጠንክረው ያዙ፤ ለወታደሩ እንደ ማዕርጉ ገባር ይቈጠርለት ነበር። ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን አሠራሩን ለማስረዳት ነው። የሰፈሩ ጥንካሬ የሚለካው በግንቡ ውፍረት ብቻ እንዳልነበረ፣ ከግንቡ ውጭ ባለው ጎተራ ጭምር እንደ ነበረ ማንም ሊያስተውል ይችላል።

ሮናልድ ሆርቫዝ የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተዘዋዋሪ ዋና ከተሞች ያሳተመው ጽሑፍ ይህን ነገር በሰፊው አንሥቷል። ብዙ ሺሕ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲሰፍር በጥቂት ጊዜ ውስጥ የአካባቢው እንጨት ይነዳል፤ እህሉም ያልቃል። ስለዚህ ንጉሡ ሰፈሩን ነቅሎ ይሄዳል። መዘዋወሩ አገር ለማስተዳደር የሚረዳ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሆድም ያስገድድ ነበር።

መ. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ለመግለጽ ከዐፄ ቴዎድሮስ የተሻለ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ነገሡ። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ቈንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ለመንግሥቱ ባቀረበው ሪፖርት፣ ንጉሡ ወታደሩ ደመወዝ እየተቀበለ እንዲኖርና ገበሬውን መዝረፍ እንዲቀር እንዳሰቡ ገልጧል። ስለ ቤተ ክርስቲያን ርስት ከካህናቱ ጋር የተጣሉትም አንዱ ምክንያት ይኸው የሠራዊት ቀለብ ነበር። እንግዲህ ንጉሡ ጥያቄውን በሚገባ አውቀውት ነበር ማለት ነው። መልሱን ግን አላገኙም።

ደብረ ታቦር አስቀድሞ የራስ ጉግሣ መርሶ መቀመጫ ነበረች፤ ለዐፄ ቴዎድሮስም ዋና ሰፈራቸው ሆነች። በአጠገቧ ባለችው ጋፋት በአቡነ ጎባት አሳብ ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ቤት የተላኩት የእጅ ሥራ ዐዋቂ ሚሲዮናውያን፣ እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ተቀመጡ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ላደግን ሰዎች የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ልዩ ትኩረት የሚስብ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ለማደል መጥተው ሳለ መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ። ከሥራቸው ሁሉ የታወቀው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። ጋፋት ለዚያ ጦር ሰፈር በጨዋታው ውስጥ እንዳለው የኃይል ማመንጫ ነበረች ብንል ከእውነት አንርቅም።

ይሁን እንጂ ሰፈሩን የጣለው የጋፋት መጥፋት አልነበረም። ከጉና ተራራ ሥር እስከ ዐባይ ያለውን እስቴን፣ በምሥራቅም ጋይንትንና ስማዳን፣ በምዕራብ የፎገራን ሜዳ በካርታ ላይ ያየ ሰው ደብረ ታቦር የሰፈረ ጦር እህሉን ከወዴት እንደሚያገኝ ይረዳል። በመንግሥቱ መጨረሻ ዓመታት የበጌምድር ገበሬ እህሉን ደበቀ፣ ከብቱን አሸሸ፣ ሸፈተም። ሠራዊቱ ዘረፈ፤ በዘረፈም ቍጥር የሚዘረፍ ነገር አነሰ፤ ባነሰም ቍጥር ወታደሩ ከዳ። በአሥር ሺዎች ይቈጠር የነበረው ጦር እየተመናመነ ሄደ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጐተቱ፣ ራሳቸውም ከወታደሩ ጋር መንገድ እየጠረጉ፣ በጋይንትና በጨጨሆ አድርገው ወደ መቅደላ ጕዞ ጀመሩ። ጕዞው ስድስት ወር ያህል ወሰደ።

በሌላ በኩል ከዙላ ወደብ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር ጦር 13,000 ያህል ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችና እጅግ ብዙ የጭነት ከብት ይዞ መጣ። ከወደቡ የምድር ባቡር ዘረጋ፤ ከየመንገዱም ገበሬ እህልና ገብስ በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እየገዛ ተጓዘ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የተገናኙት ሁለት የጦር መሣሪያዎች ብቻ አልነበሩም፤ ሁለት የቀለብ ሥርዓቶችም ነበሩ። አንደኛው ስንቁን ይዞ የመጣ፣ ሁለተኛው የራሱን አገር በልቶ የጨረሰ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን በራሳቸው እጅ አሳለፉ።

ሠ. በጨዋታው የጐደለው

አሁን ወደ ጨዋታው እንመለስ። በጦር ሰፈሩ ላይ ያለን ነቀፌታ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ዘበኛው አይበላም። በጨዋታው ውስጥ የእርሻ ሰፈሮች መኖራቸውን ከላይ አመልክተናል፤ ረኃብ የሚባል የሁኔታ ስምም አለ። ነገር ግን ረኃቡ የሚታየው በአንድ ቡድን አጠቃላይ ሁኔታና በገበያ ዋጋ ላይ ነው። የእርሻ ሰፈሩ ኃይል ቢጠፋና አዝመራው ቢደርቅ፣ የጦር ሰፈሩ ዘበኛ ከቆመበት ፈቀቅ አይልም። አይከሳም፣ አይከዳም፣ አይዘርፍም።

ሁለተኛ፣ ምድሩ የማንም አይደለም። ሰፈሩ የሚሠራው ሰው ባልኖረበት፣ አየር በሌለው ወይም አየሩ በሳሳ ፕላኔት ላይ ስለ ሆነ፣ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይና አቧራ ብቻ አለ። ስለዚህ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ወታደሩን በፍርሃት የሚመለከት ሰው የለም። በእኛ አገር ታሪክ ግን ጦር ሰፈር በባዶ መሬት ላይ የተሠራበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ጦርነቱ ዕዳ የለውም። በእግር የሚደረግ ጦርነት ሲነሣ ተጫዋቹ በማጓጓዣ መርከብ ተጭኖ ሰፈሩ ላይ ይወርዳል፤ ሁለቱ ወገኖች የተመደቡትን ቦታዎች ለመያዝ ይዋጋሉ፤ ሲያልቅ ክፍያውን ተቀብሎ ይሄዳል። በማግሥቱ ሰፈሩ እንደ ነበረ ሆኖ ይገኛል። ሕፃን አልነበረበትምና ወላጁን ያጣ ሕፃን አይቀርም።

ምናልባት አንባቢ፣ ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ እህል ሲፈጭ ለማየት የሚከፍል ማን ነው ይለን ይሆናል። ይህ ተገቢ መቃወሚያ ነው። ነገር ግን መልሱን የሰጡት የጨዋታው ሠሪዎች ራሳቸው ናቸው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. «ትሬይልብሌዘርስ» በተባለው ማሻሻያ ተጫዋቾች አዲስ የኮከብ ሥርዓት ይዘው የጦር ሰፈርንም ጭምር እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ለሥራው የሚያስፈልገው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ቲታኒየም፣ ውኃና ሌላም ዕቃ በሺዎች በሚቈጠር ቶን ተጭኖ መምጣት አለበት፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ደግሞ በአራት ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። ተጫዋቾች ይህን አድካሚ የጭነት ሥራ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ሲሠሩ ታይተዋል። እንግዲህ ሸክም አሰልቺ ነው የሚለው ምክንያት አይጸናም። የዚህ ጨዋታ ሰው ጓዘኛ መሆንን ይወዳል።

የሚያሳዝነው ግን ሸክሙ የሚቆመው ሰፈሩ በተሠራ ዕለት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ምንም አይጠይቅም፤ እንዲያውም ለሠሪው በየሳምንቱ ገንዘብ ያስገባለታል። በእውነተኛው ዓለም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ግንቡን መሥራት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማብላት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ያሸነፈው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነበር።

መሻሻያውም ሩቅ አይደለም። የኃይል ተቈጣጣሪው ሲነቀል ሰፈሩ የሚጨልምበት ሥርዓት እንዳለ ሁሉ፣ የእርሻው ሰፈር ሲወድቅ ወይም ጫኝ መርከብ ሲቀር የጦር ሰፈሩ ዘበኛ ቍጥር እንዲቀንስ፣ የቀረው በአጠገቡ ያሉትን ሰፈሮች እንዲዘርፍ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ተጫዋቹ ሰፈርን ለመጣል በር መስበር ብቻ እንደማያስፈልግ፣ ሰፈርን ለመጠበቅም ጠመንጃ ብቻ እንደማይበቃ ይማራል።

ይህን ያህል የምንከራከረው ለጨዋታ ብቻ ብለን አይደለም። «ኦዲሲ» በወጣ በሦስት ወሩ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ የሕወሓት ተዋጊዎች የላይ ጋይንትን ዋና ከተማ ነፋስ መውጫን ይዘው ለዘጠኝ ቀን ያህል ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያው ዓመት በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. 2021 ባወጣው ሪፖርት በሴቶች ላይ የደረሰውን መደፈር፣ የሱቆችንና የሕክምና ተቋማትን መዘረፍ ከተጐጂዎች ቃል መዝግቧል። ዘጠኝ ቀን ለአንድ ጦር አጭር ጊዜ ነው፤ ለአንዲት ከተማ ግን ረጅም ነው። ጦር ሲሰፍር ከአጥሩ ውጭ ምን እንደሚሆን ለጋይንትና ለእስቴ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ያየው ነገር ነው። የእኛ ትውልድ ልጆች ግን ስለ ጦር ሰፈር የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የሚያገኙት እየበዛ በሄደ መጠን ከእንደዚህ ያሉ ጨዋታዎች ነው። በባዶ ምድር ላይ የቆመ፣ የማይበላ፣ የማይከዳና የማይዘርፍ ሰፈር አይተው ያደጉ እንደ ሆነ፣ ጦር የትም ቢሰፍር ማንንም አይጐዳም ብለው ቢያስቡ አንፈርድባቸውም።

በመጨረሻ ለኮሌጁ ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በክረምት ዕረፍት ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ ነፋስ መውጫም ሆነ ወደ ሌላ አገር የምንሄድ ተማሪዎች፣ ከ1983 ዓ.ም. በፊት የነበረውን ጦርነትና የ2013ን የሚያስታውሱ አባቶችንና እናቶችን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ፤ ጦሩ በሰፈረ ጊዜ ማን ምን አበላው? መልሱን በቃላቸው እንጻፈው፤ ስንቅ፣ ድርጎ፣ ተሰሪ የሚሉትን ቃላት ዛሬ በምን ትርጕም እንደሚጠቀሙባቸውም እንመዝግብ። መጽሔታችን ይህን ዓይነት ማስታወሻ ቢያከማች ለታሪክ ተመራማሪ ይጠቅማል። አንድ ቀን ከእኛ መካከል ተነሥቶ ጨዋታ የሚሠራ ሰው ቢገኝም፣ ጦር ሰፈሩን ከመሥራቱ በፊት ጎተራውን የት እንደሚያኖር ያውቃል።